«የመጨረሻው» የተባለው ፋይል

ሰው ሁሉ እንግዳ እንዳያይበት የሚፈራው አንድ ጓዳ አለው። የአንዱ ጓዳ የልብስ ሣጥኑ ነው፤ የሌላው የጠረጴዛው መሳቢያ ነው። የእኔ ጓዳ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ኮምፒውተሬ ነበረ። ሸሚዜ የተተኮሰ፥ ጫማዬ የተወለወለ ስለ ሆነ የሚያየኝ ሁሉ ሥርዓት ያለኝ ሰው እመስለው ነበር። ኮምፒውተሬ ሲከፈት ግን በፊቱ ላይ የተዘረጋው የፋይል ብዛት በመኸር ጊዜ ደጅ የተሰጣ ገብስ ይመስል ነበር።

የስሞቹ ነገርማ አይነሣ። «ውጤት» የሚል አለ፤ ከአጠገቡ «ውጤት አዲስ» ይገኛል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ «ውጤት የመጨረሻ»፥ «ውጤት የመጨረሻ 2»፥ ኋላም ተስፋ ስቆርጥ የጻፍሁት «ውጤት የመጨረሻ በቃ» ይከተላል። እኔ ደግሞ፥ አንባቢዎቼ እንዳትስቁብኝ እንጂ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ዘወትር «አንድ ሰነድ ስታገኙ መቼና በማን እንደ ተጻፈ አስቀድማችሁ መርምሩ» እላቸዋለሁ። የራሴን ሰነድ መቼ እንደ ጻፍሁት ብጠየቅ ግን መልስ አልነበረኝም።

ቀልዱ ያለቀው ባለፈው ዓመት፥ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። አንዲት ተማሪዬ በፈተናው ቀን ታማ ቀረች፤ ስትድን ለብቻዋ ፈተንኋትና ከመቶ 71 አገኘች። ወረቀቱን ያረምሁት ቤቴ ስለ ነበረ ነጥቧን በፍላሽ ተሸክሜ ባመጣሁት ፋይል ላይ ጻፍሁ። በዚያን ጊዜ ፋይልን ወደ ፍላሽ ስልክ እንዳለ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። መሥሪያ ቤት የምትውሉ ቶሎ ይገባችኋል፤ ወደ ፍላሽ የሚሄደው ግልባጩ ነው እንጂ ዋናው ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የልጅቱ ነጥብ የገባው በግልባጩ ላይ ብቻ ነበረ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ደርሼ በችኮላ አትሜ ያስለጠፍሁት ግን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የቀረውን «የመጨረሻ» የተባለውን ነው። በዚያ ላይ ከስሟ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

ልጅቱ ሁለት ቀን ሳትመጣ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፥ ልጄ ተፈትኛለሁ ብላኝ ነበር። ዋሽታኛለች ወይ?» አሉኝ።

ልጅቱ አልዋሸችም፤ የዋሸው ፋይሌ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ዝርዝሩን በዚያው ሰዓት አስተካክዬ እንደ ገና አስለጠፍሁት። ይሁን እንጂ አንዲት እናት በእኔ ዝርክርክነት የተነሣ ሁለት ቀን ሙሉ ልጇን ስትጠረጥር መክረሟን ምን ዓይነት ማስተካከያ ያነሣዋል?

ማታ ይህን ጉድ በግቢያችን ለሚኖሩት ለጋሼ አጫወትኋቸው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፥ ፋይል የሚጠፋው ሲፈለግ አይደለም፤ ሲቀመጥ ነው» አሉኝ። በእርሳቸው ጊዜ ደብዳቤ ሲገባ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍለታል፤ ሲወጣ በወጪ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ጉዳዩም በፋይሉ ውስጥ ይታሰራል። ፋይል የወሰደ ሰው ሳይፈርም አይሄድም። «አንድ ጉዳይ፥ አንድ ፋይል፥ አንድ ቦታ» ካሉ በኋላ «በዚህ መኪናህ ውስጥ መዝገብ ቤቱ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም መዝገብ ቤቱን ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁትም ስንት ዓመት በጣቴ ሥር ሆኖ ሳላስተውለው በኖርሁት በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ላይ ነው።

ይህ ቁልፍ የራሱ ታሪክ አለው። ዳግላስ ኤንገልባርት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን በአደባባይ ባሳየ ጊዜ መሣሪያው ባለ ሦስት ቁልፍ ነበረ። አፕል በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ ግን ሰው ግራ እንዳይጋባ ተብሎ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ማውስ ይዞ መጣ። በቀኝ ቁልፍ ፋይልን ነክቶ የሚደረግለትን ነገር በዝርዝር ማየት በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደው ማይክሮሶፍት በ1995 ዊንዶውስ 95ን ካወጣ ወዲህ ነው። አብዛኞቻችን ከዚህ ዝርዝር የምናውቀው «ኮፒ»ንና «ዲሊት»ን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ራሳችን ልናዝዘው እንደምንችል ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሜ ሦስት ፎልደሮች ከፈትሁ፤ «ገቢ»፥ «በሥራ ላይ»፥ «ያለቀ» አልኋቸው። ቀጥዬ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር» የተባለችውን ፊደል አንድነት ተጫንሁ። ትንሽ መስኮት ተከፈተች። በዚያች ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሼል» ብሎ፥ ኮሎን የሚሏትን ሁለት ነጥብ አስከትሎ፥ «ሰንድቱ» የሚለውን ሳይነጣጥሉ መጻፍ ነው። ወዲያው የ«ሰንድ ቱ» ዝርዝር ጓዳ ይከፈታል። በዚህ ጓዳ ውስጥ የየፎልደሩ ሾርትከት፥ ማለት ወደ ፎልደሩ የሚመራ ምልክት፥ የተቀመጠ እንደ ሆነ ከዚያ ወዲያ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። አንድ ፋይል በቀኝ ቁልፍ ነክቶ «ሰንድ ቱ» ከዚያም «ያለቀ» ማለት ብቻ ይበቃል። በዊንዶውስ 11 ዝርዝሩ አጥሮ ስለሚመጣ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን መጫን፥ ወይም ሺፍትን ይዞ በቀኝ ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል።

በዚያው ጓዳ «ፋክስ ተቀባይ» የሚል ነገር ተቀምጦ አገኘሁ። ፋክስ የምልክለት ዘመድ ስለሌለኝ አሰናበትሁት።

እዚህ ላይ ጅልነቴን ልናዘዝ። ነገሩ ሲሳካልኝ ጊዜ ለየክፍሉ፥ ለየወሩ፥ ለየስብሰባው አንዳንድ ቦታ ጨመርሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝርዝሩ አሥራ አራት ደረሰና ከፋይል ፍለጋ ወደ ዝርዝር ፍለጋ ተሸጋገርሁ። ለካ ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ብዙው የራሱን ስም በቀኝ ቁልፍ ዝርዝር ውስጥ ሲሰካ ስለኖረ ዝርዝሩ ረዝሞ ረዝሞ፥ ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ሊያሳጥረው ተገደደ። እኔም ቀንሼ ወደ ሦስቱ ተመለስሁ።

ከዚህ ጠለቅ ብሎ መሄድ ለሚወድም መንገድ አለ። ዊንዶውስ ትእዛዞቹን የሚጽፍበት ክፍል «ሬጅስትሪ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ ያው መዝገብ ቤት ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው እጅግ ደስ አላቸው። በዚያ ውስጥ ለየፋይሉ ዓይነት «ሼል» በሚባለው ሥር የአዲሱ ትእዛዝ ስም ይጻፋል፤ በስሙም ሥር «ኮማንድ» በሚለው ላይ የሚሠራው ሥራ ይጻፋል። ነገር ግን በማይገባ ቦታ አንድ መስመር መሰረዝ መኪናውን ሊያሰናክል ይችላልና ሳይነኩ በፊት ግልባጩን ማስቀመጥ ግድ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነም ኀላፊነቱ ያለበትን ባለሙያ ሳያማክሩ አለመነካካት ነው።

ዛሬ በኮምፒውተሬ ውስጥ «የመጨረሻ» የሚባል ፋይል የለም። ስሙ ሁሉ በዓመተ ምሕረት ይጀምራል፤ ወርና ቀን ይከተላል፤ ከዚያ ጉዳዩ ይጻፋል። ዋናው አንድ ቦታ ይኖራል፤ በፍላሽ የሚሄደው «ግልባጭ» የሚል ይጻፍበታል። ባለፈው ሰኔ ውጤት ከመለጠፉ በፊት የልጅቱን መስመር ሁለት ጊዜ አየሁት። ልጅቱ ግን ከሰሌዳው አጠገብ እንደ ደረሰች ሌሎቹ ወደሚሯሯጡበት አልሄደችም፤ ቆም ብላ በሩቁ ተመለከተች፤ ኋላ ቀስ ብላ ቀረበች። ያን ጊዜ፥ እኔ በአንድ ቀን ያረምሁት ስሕተት በእርስዋ ልብ ገና እንዳልታረመ ገባኝ።

ጋሼ አንድ ቀን ሦስቱን ስሞች በመስኮቱ ላይ አይተው «መልካም ነው። ግን ፊርማ የሚቀበለው ማን ነው?» አሉኝ። መኪናው ፊርማ አይጠይቅም፤ ወደ ተባለበት ይልካል እንጂ የት መላክ እንደሚገባ አይመክርም። እናንተም ወዳጆቼ፥ በተለይ የሰው ጉዳይ በእጃችሁ የሚያልፍ፥ ፋይል ስታስቀምጡ ከበስተጀርባው ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች አንዲት እናት ልትኖር እንደምትችል አስቡ።