ኪሳራን የሚካፈል ገንዘብ

ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ስሙን ይቀያይራል። ሊመለስ የተሰጠ እንደሆነ ብድር ይባላል፤ ወለዱ ሲከፋ አራጣ፣ መመለሱ ካልታሰበም ስጦታ። ከእነዚህ ከሦስቱም የማይመደብ አንድ ሌላ ገንዘብ ግን አለ። ሊጠፋ እንደሚችል እየታወቀ ይሰጣል፤ ሰጪው «መቼ ትከፍለኛለህ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ያሰብከው ነገር ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። የዘመኑ ሰዎች ቬንቸር ካፒታል ይሉታል።

እኔ ስሙን ከመስማቴ በፊት ነገሩን የማውቀው ይመስለኛል። በተወለድኩበት አካባቢ ላም ያለው ሰው፣ ላም ለሌለው ጎረቤቱ ላሙን በርቢ ይሰጠዋል። ጥጃ ሲወለድ ይካፈላሉ። ላሟ በአርቢው ቸልተኝነት ሳይሆን በበሽታ ከሞተች ግን ባለቤቷ አዝኖ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ጎረቤቱን ዳኛ ፊት አያቆመውም። ትርፉን ብቻ ሳይሆን ሞቷንም ለመካፈል ቀድሞ ተስማምቷልና።

ይህን መሰል ውል ወደ ሳይንስ ቤት በሥርዓት ካስገቡት ሰዎች አንዱ ጄኔራል ጆርጅ ዶሪዮ ነው። ፓሪስ ተወልዶ በሃርቫርድ ያስተማረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካን ጦር ያገለገለ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በቤተ ሙከራዎች ውስጥ ብዙ እውቀት ተከማችቶ ነበር፤ ነገር ግን እውቀትን መያዣ አድርጎ የሚያበድር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1946 የኤም አይ ቲው ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተንና ሌሎች ሆነው በቦስተን «አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት» የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ዶሪዮም መራው። ቀድመው ገንዘብ ካገኙት መካከል ለካንሰር ሕክምና የሚሆን ብርቱ የራጅ መሣሪያ ለመሥራት የተነሳ ቡድን ይገኝበታል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የተባሉ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች መጡ። በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር ሥራ ታላላቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ይከስሩ ስለነበር፣ «ኮምፒዩተር» የምትለዋን ቃል ከማመልከቻቸው እንዲያወጡ ተመከሩ። አወጧት፤ ከልባቸው ግን አላወጧትም። በ70,000 ዶላር ድርሻ፣ ሜይናርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የቆየ የሱፍ ፋብሪካ ጥግ ተከራይተው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያ ኮምፒዩተራቸውን ለሰው አሳዩ። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ይህ ነው። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ የዶሪዮ ኩባንያ ድርሻ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር።

የፋብሪካው ግንብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1892 የተተከለ ሰዓት አለ፤ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ደረጃውን ወጥቶ በእጁ የሚሞላው። የዚያ ዘመን እጅግ አዲስ ማሽን ሥሩ ሲሠራ ሰዓቱ ያንኑ እጅ ይጠብቅ ነበር። ሳስበው ይገርመኛል፤ ለሳይንስ የሚሰጥ ገንዘብም እንዲሁ ነው። አንዴ ሰጥተው የሚሄዱት አይደለም፤ እየተመላለሱ ደረጃ መውጣትን ይጠይቃል።

አንድ መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ከመጠን ሲያልፍም አጥንት ያጎብጣል። ወዳጄ ከተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጣሪያ ሠርቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃውን ሲለካ ከረመ። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ወደ አንድ ባንክ ሄደ። «ለመያዣ የሚሆን ቤት አለህ?» አሉት። አልነበረውም። በሰዎቹ አልፈርድም፤ በእጃቸው ያለው የሌላ ሰው አደራ ነው፤ ባለቤቱ ነገ መጥቶ ቢጠይቅ ሊመልሱለት ይገባል። የሚያሳዝነኝ ወዳጄ ከዚያ በር ሲመለስ የሚያንኳኳው ሌላ በር አለመኖሩ ነው። ዛሬ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል። ደብተሩ እቤቱ ነው። ልጆቹም ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ።

ይህ ገንዘብ ጽድቅ ነው እያልኩ አይደለም። እነዚያ ሁለት ወጣቶች ለ70,000 ዶላሩ ከኩባንያቸው ወደ ሰባ በመቶ የሚጠጋውን ሰጥተዋል። በዚህ መንገድ ገንዘብ ካገኙት ኩባንያዎች ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የብዙዎቹን ሞት የሚክሰው የጥቂቶቹ ትርፍ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለው ፈንድ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ዓመት ገደማ ሊዘጋ የተቀጠረ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ መድኃኒት ወይም ማሽን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ዲጂታል ራሱም እ.ኤ.አ. በ1998 ለኮምፓክ ተሸጧል።

ቢሆንም ዶሪዮን የማከብረው ስለ 350 ሚሊዮኑ አይደለም። ኩባንያዎቹን እንደ ልጆች ያይ ነበር ይባላል፤ ልጅ ሲታመም ደግሞ አይሸጥም። እኛ ዘንድ «ከሰረ» የሚለው ቃል ከሒሳብ ወጥቶ የሰው መጠሪያ ሆኗል፤ አንዴ የተለጠፈበት ሰው ለሁለተኛ ሙከራ ብር ሊለምን ቀርቶ ሠርግ ላይ መታየት ያፍራል። ላሟ የሞተችበትን አርቢ ግን ገበሬው «ከሳሪ» አላለውም። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ላም ሰጥቶታል። ያን ልብ ከገጠር ወደ ከተማ ስንመጣ የት ጣልነው?