የኩሽኔታ ድምፅ

በእኛ ሰፈር ሀብታም ማለት አራት ኩሽኔታ ያለው ልጅ ነበር። ሦስት ያለው አንዱን ከእንጨት መኪናው ፊት፣ ሁለቱን ከኋላ ጎማ አድርጎ ይነዳል፤ አንድ ብቻ ያለው ደግሞ ከሌሎች ጋር መስማማት ግዱ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ነን፤ የበርታ ልጆችም አሉን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆችም። ቋንቋችን ቢለያይም ደጅ የምንጠናው አንድ ቦታ፣ ጋራዥ በር ላይ ነው። «ጋሼ፣ የተጣለ ኩሽኔታ የለም?» ስንላቸው መካኒኩ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «መጀመሪያ ግቢውን ጥረጉ» ይሉናል። እንጠርጋለን።

ኩሽኔታ ስለተገኘ ብቻ አይገጠምም። በጣሳ ናፍታ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ማንጎው ሥር ተቀምጠን በኳሶቹ መሐል የደረቀውን ግራሶና አሸዋ በስንጥር እንለቅማለን። ከዚያ አንዱ ጣቱ ላይ ሰክቶ ያሽከረክረዋል። ያኔ ሁላችንም ጭጭ ነው። ደህናው «እሽሽሽ» እያለ ይቆያል፤ ኳሱ የተበላው «ቅር፣ ቅር» ይልና ይቆማል። ቅር የሚለው ወደ ኋላ እግር ይሄዳል፣ ደህናው ወደ ፊት። ግራሶ መልሰን አንቀባውም፤ ቀዩ አቧራ ይለጠፍበትና ሊጥ ያደርገዋል። ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

ዘንጉ ቀርከሃ ነው ስል የደጋ ሰው ይስቅብኛል። የእነሱ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነዋ! የእኛ የቆላው ሽመል ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ጫፉን ከኩሽኔታው ቀዳዳ ትንሽ አወፍረን እንቀርጽና በድንጋይ እየመታን እናስገባዋለን፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ እናሳድረዋለን። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ኩሽኔታውን ነክሶ ይይዛል። ፀሐይ ሲመታው መላላቱ ስለማይቀር ሽብልቅ ከኪሳችን አይጠፋም።

ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ይህ ሁሉ ዝግጅት የኅዳርን መንገድ መጠበቂያ ነበር። ጭቃው ደርቆ ሲጠነክር ቁልቁለቱን እንወርዳለን። ፍሬናችን ተረከዛችን ነው፤ የሸበጣችን ጫፍ ሲያልቅ እናቶቻችን ከምን እንዳለቀ አይጠይቁም፣ ድምፃችንን ከሩቅ ሰምተዋላ።

የሽመል ቀርከሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብብና ይሞታል። አሶሳ ዙሪያም በጅምላ አብቦ የደረቀበት ዘመን መጣ። እኛም ያኔ ተበታትነን ነበር። አሁን ስሄድ ልጆች ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ መኪና ይዘው አያለሁ። አያምርም አልልም፤ ጎማው ግን ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣ ስለሆነ ማንም ጆሮውን አያስጠጋለትም።

በመጨረሻው ጉዞዬ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ከፊት በኩል «ቅር፣ ቅር» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ የፊት ኩሽኔታህ ኳስ ተበልቷል» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። «መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም» አልኩት። «ከኋላ ቢሆን ዝም እልህ ነበር።»