ለደብረ ሲና መንገድ የሚሆን የጀርባ ቦርሳ

ከኢየሩሳሌም ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ አየር ያፈራርቃል። ከከተማዋ ወጥተን ወደ ሙት ባሕር ስንወርድ፣ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ዝቅ ብሎ በተኛው ቆላ እናልፋለን። ከዚያም በረሃውን ይዘን እስከ ኤላት እንዘልቃለን፤ ድንበሩን በታባ በኩል ተሻግረን ወደ ሲና እንገባለን። የቅድስት ካትሪን ገዳም የሚገኘው ከ1500 ሜትር በላይ ነው፤ የጀበል ሙሳ ጫፍ ደግሞ 2285 ሜትር ይደርሳል። በቀትር ላብ ያጠመቀው መንገደኛ በዚያው ሌሊት በብርድ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ተሳላሚዎች ስለ ፓስፖርትና ስለ ስንቅ እንደሚያስቡ ሁሉ፣ ቆላውንም ደጋውንም አብሯቸው ስለሚሻገረው ቦርሳ አስቀድመው ሊያስቡ ይገባል።

ወደ ተራራው የሚያወጡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እየተጠማዘዘ ቀስ በቀስ የሚያወጣው የግመል መንገድ ነው፤ ሁለተኛው 3750 ያህል የድንጋይ ደረጃዎች ያሉት ጥንታዊው አቀበት ነው። ሁለቱም ከጫፉ በታች ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ የቀሩትን 750 ያህል ደረጃዎች ግመል አይወጣቸውም። እስከዚያ በግመል የተጫነ ዕቃ ሁሉ ከዚህ በኋላ በሰው ጀርባ ይሄዳል። ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ የሚሻ ሰው ደግሞ ጉዞውን የሚጀምረው በውድቅት ሌሊት ነው፤ የሚረግጠውን ድንጋይ የሚያየው በመብራት ብቻ ነው።

እንዲህ ባለው መንገድ ላይ በእጅ የሚንጠለጠል ቦርሳ፣ ይልቁንም ጎማ ያለው ሻንጣ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። አንድ እጅ ቦርሳውን ሲይዝ፣ ሌላው መብራቱን ሲይዝ፣ ለምርኩዝ የሚተርፍ እጅ አይኖርም። ደግሞም ያለ ልክ የታጨቀ ቦርሳ የባለቤቱ ሸክም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ትከሻው የዛለውን ሰው ትተነው ልንሄድ አንችልምና፣ ዕቃው ወደ አንድ ዲያቆን ወይም ወደ አንዲት ታጋሽ እኅት ጀርባ ይተላለፋል። ቦርሳን በልክ መምረጥ ለራስ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለባልንጀራም ማሰብ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር ሲዞር የሚይዘው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ነበር። ዛሬም መለኪያው ያው ነው። ለአንድ ሌሊት የተራራ ጉዞ 30 ሊትር ያህል የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ከዚህ ካነሰ የብርድ ልብስ አያስገባም፤ እጅግ ከበለጠ ግን ባዶ ስፍራውን ለመሙላት ያስጎመጃል። ቦርሳው ባዶውን ከአንድ ኪሎ ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ብቻውን ሁለት ኪሎ መሆኑን አንርሳ።

በአልፕስ ተራሮች ለሚወጡ ሰዎች የሚሠራው ዓይነት ቦርሳ ለእኛም መንገድ የተመቸ ነው። ጠበብ ያለ ስለሆነ ክንድን አያግድም፤ በጎንና በጎኑ ያሉት ማጥበቂያዎች ዕቃው ሲቀንስ ቦርሳውን ስለሚሰበስቡት፣ ያው አንድ ቦርሳ ለአውቶቡስም ለአቀበትም ያገለግላል። የበረዶ መጥረቢያ እንዲታሰርበት በውጭ የተሰፋለት ማንጠልጠያ ምርኩዝን ወይም አጭር መቋሚያን ይይዛል። ጋቢያቸውን የማይተዉ አባቶችና እናቶችም ጠቅልለው ከክዳኑ ሥር ሊያስሩት ይችላሉ፤ ከውስጥ ከገባ ግን የቦርሳውን ግማሽ ይወስዳል።

ሲገዙ ከመልኩ ይልቅ የጀርባውን ርዝመት መመልከት ይበጃል። ይህም ከማጅራት በታች ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት አናት ያለው ልክ ነው። ረጅም ቁመት ያለው ሰው ሁሉ ረጅም ጀርባ የለውምና በቁመት ብቻ መገመት አይገባም። ቦርሳውን አምስት ወይም ስድስት ኪሎ አስገብተው ይሸከሙት። ማንገቻዎቹን ሁሉ አላልተው በመጀመሪያ የወገቡን መታጠቂያ በዳሌ አጥንት ላይ ያጥብቁ፤ ቀጥሎ የትከሻውን፣ በመጨረሻም የደረቱን ያስተካክሉ። ክብደቱ ያረፈው በዳሌ ላይ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ትከሻን የሚጎትት ከሆነ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፈው።

አሞላሉም ሥርዓት አለው። ከባዱ ዕቃ፣ ይልቁንም ውኃው፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ በመካከል ይቀመጥ፤ ከጀርባ የራቀ ክብደት ሰውን በደረጃ ላይ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሌሊት የማይፈለገው ከታች ይሁን። ሹራቡ፣ ነፋስ የማያስገባው ካፖርት፣ ኮፍያውና ጓንቱ ከሁሉ በላይ ይሁኑ፤ አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፣ በክረምት ሌሊት ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ1934 የታነጸው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በጫፉ ላይ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚገኝ፣ ከነፋስ ያስጠልለናል ብሎ መታመን አይገባም። ዳዊትና የጸሎት መጻሕፍት በማኅደራቸው ሆነው፣ በላዩ በወፍራም ላስቲክ ይጠቅለሉ። በግንባር የሚታሰረው መብራት፣ መድኃኒትና ፓስፖርት ሳይፈልጉ በሚገኙበት በክዳኑ ኪስ ይቀመጡ።

የሚተወውም ነገር አለ። ቅያሬ ጫማ፣ የመስተዋት ዕቃና ለዘመድ የተገዛ ስጦታ ካረፉበት ቤት ይቆዩ። ጀበሊያ የሚባሉት የአካባቢው ቤዱዊኖች መንገዱን ይመራሉ፤ በየማረፊያውም ሻይና ውኃ ይሸጣሉ፣ ብርድ ልብስም ያከራያሉ። ስለዚህ የብዙ ቀን ስንቅ መሸከም አያሻም፤ ጥቂት ቆሎ፣ ዳቦና ቴምር ይበቃል።

ለጉዞው የተመዘገባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመነሻው ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ቦርሳችሁን በሚሄድበት መጠን ሞልታችሁ በቅድስቲቱ ከተማ ደረጃዎች ላይ እንድትመላለሱበት አደራ እንላለን። የሚቆረቁረው ማንገቻ፣ የማይዘጋው ዚፕና ትርፉ ዕቃ በዚያ ይታወቃል፤ በዚህ የተራገፈውን አንድ ኪሎ በተራራው ላይ ማንም ስለ እናንተ አይሸከመውም። መልካም ጉዞ ያድርግላችሁ።