ከጀነሬተሩ ማዶ

ዛሬ መርካቶ ውስጥ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥባቸው መደብሮች ወደ አንዱ ብትዘልቁ፣ ዝምታ በሣጥን ታሽጎ ይቀርብላችኋል። ሣጥኑ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ውስጡ ገመድ የሌላቸው ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች ተኝተዋል፤ ላዩ ላይ ደግሞ የውጭውን ጫጫታ እስከ 42 ዴሲቤል እንደሚያጠፉ ተጽፏል። የየትኛውም ፋብሪካ ሥራ ይሁኑ፣ ሰው ሁሉ «ኤርፖድ» ይላቸዋል፤ ስሙ የአንድ ኩባንያ መሆኑ ከተረሳ ቆይቷል። ያ ኩባንያ ጫጫታ የሚያጠፋውን የራሱን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያወጣ ዋጋው 249 የአሜሪካ ዶላር ነበር። እኔ የምተርክላችሁ ስለዚያ አይደለም፤ የዚያን አምስተኛ እጅ እንኳ ስለማያወጡት ርካሾቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትርጉም ሥራዬን የምሠራው ሌሊት ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ፎቅ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያስነሣው የናፍጣ ጀነሬተር አለው፤ ሲነሣ የመስኮታችን መስተዋት አብሮት ያንጎራጉራል። ከእኔ ክፍል አጠገብ ደግሞ ሰማኒያ ዓመት ያለፋት እናቴ ተኝታለች። ባለፈው ዓመት ከወደቀች ወዲህ ሌሊት ብቻዋን እንዳትነሣ ሐኪም አዝዟል፤ ስለዚህ ስትፈልገኝ ትጠራኛለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ደወል ብንሰጣት «እኔ የተማሪ ቤት ዘበኛ ነኝ?» ብላ መለሰችልን። እንግዲህ ሁለት ምኞቶች ነበሩኝ፤ ጀነሬተሩን እንዳልሰማ፣ እናቴን ግን እንድሰማ። ማዳመጫ የሚመዝኑ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያጠፋ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ምን እንደሚያስተርፍ ነበር።

ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ዓለምን ያጠፋልዎታል» አለኝ። ከፊቴ ሁለት ሣጥኖች ነበሩ። በአንዱ ላይ «ኤ ኤን ሲ»፣ በሌላው ላይ «ኢ ኤን ሲ» የሚሉ ሦስት ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈዋል። በአንዲት ፊደል የሚለያዩት እነዚህ ነገሮች ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው ለራሳችሁ ጆሮ የውጭውን ጫጫታ የሚያጠፋው ነው። ሁለተኛው ስልክ ስታነጋግሩ ከማይክሮፎኑ ላይ ጫጫታውን አጥርቶ ድምፃችሁን በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሰው የሚልክ ነው፤ ለእናንተ አንዳች ዝምታ አይሰጣችሁም። ስንት ሰው በዚያች ፊደል የተነሣ የሌላ ሰው ዝምታ ገዝቶ ወደ ቤቱ ገብቷል! የመጀመሪያውን አንሥቼ መደብሩ ውስጥ ይሽከረከር ከነበረው ማራገቢያ አጠገብ ቆምሁ። ምንም ዘፈን ሳልከፍት ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ማጥፊያውን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ አበራሁ። የማራገቢያው ጉርምርምታ ሲሄድና ሲመጣ ተሰማኝ። አስመስለው ከተሠሩት መካከል ማጥፊያውን ስታበሩ ምንም የማይለወጥባቸው አሉና፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ብታደርጉ አይከፋም።

አሠራሩ ከዋጋው በላይ ድንቅ ነው። ድምፅ የአየር መገፋትና መሳሳብ ነው። ከውጭ የመጣው ሞገድ ሲገፋ የሚስብ፣ ሲስብ የሚገፋ ሌላ ሞገድ ቢላክበት ሁለቱ ይጣፋሉ። በማዳመጫው ላይ ያለች ጥቃቅን ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ታደምጣለች፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ተቃራኒውን ሠርቶ ወደ ጆሮ ይልካል። ማለትም ዝምታው የተገኘው በመዝጋት ሳይሆን ድምፅ በመጨመር ነው! ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ይህንን አሳብ አስመዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካን የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ሆኖም በዘመኑ የነበረው መሣሪያ አሳቡን ከወረቀት አላወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር፣ የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ቢያበላሽበት እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌት ጀመረ፤ ለአብራሪዎች የተሠራው የኩባንያው ማዳመጫ በ1989 ወጣ። ያ ሁሉ ድካም ዛሬ ከባቄላ ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ነገር ውስጥ ተኝቶ መርካቶ ላይ ዋጋ ይከራከሩበታል።

ድካሙ ግን ሁሉን ድምፅ አይችልም። ወፍራም ድምፅ ዝግ ብሎ ይመጣል። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ጉርምርምታ አንዷን ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ቺፑ እስኪያሰላ ድረስ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በሴኮንድ 3,000 ጊዜ የሚርገበገብ ፉጨት ግን የሚሊሴኮንድ ሲሶ ነው፤ መልሱ እስኪዘጋጅ አልፎ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚያደበዝዘው ቺፑ ሳይሆን ጆሮን የሚደፍነው የጎማ ጫፍ ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት መጠን ያላቸው የጎማ ጫፎች ሲኖሩ አትናቋቸው፤ ለእኔ ትንሹ ልክ እስኪሆን ድረስ የጀነሬተሩ ድምፅ በክፍተቱ እየገባ ዝምታውን ያፈርሰው ነበር። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም ቺፑ ሲደክም ጎማው ገና ሳይበረታ፣ አንድ ክፍተት አለ። በርካሾቹ ዘንድ ሰፊ ነው። የሰው ንግግርም ብዙው በዚያ ክፍተት ያልፋል።

ሣጥኑ ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ ሐቀኛዋ «እስከ» የምትለው ናት። ሃያ ዴሲቤል ቀነሰ ሲባል የድምፁ ግፊት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው፤ አርባ ሲሆን ወደ አንድ መቶኛ። ያ ትልቁ ቁጥር ግን ማዳመጫው በጣም በሚሳካለት ወፍራም ድምፅ ላይ የተገኘ ነው እንጂ፣ የወያላ ጥሪና የሕፃን ለቅሶ አይመለከተውም። በታክሲ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ብቻ እንደ ቅኔ ተሰማኝ።

ዋናው ፈተና የተደረገው አንድ ማክሰኞ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። እናቴን «እስቲ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ጥሪኝ» አልኋት። «ምን ብዬ?» አለች። «እንደ ወትሮው።» ሁለት ጊዜ ጠራችኝና ሰለቻት፤ ከዚያ ለራሷ ዳዊቷን መድገም ጀመረች። ለፈተናዬ ከዚህ የተሻለ ባልተገኘም ነበር። በመጀመሪያ በባዶ ጆሮዬ አዳመጥሁ። ጀነሬተሩ ክፍሉን ሞልቶት ስለነበር ከቃሎቿ መካከል እዚህም እዚያም አንዳንዱን ብቻ ለቀምሁ። ቀጥዬ ማዳመጫውን አድርጌ ማጥፊያውን አበራሁ። ጉርምርምታው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ከሥሩም የእናቴ ድምፅ ተገኘ። ቀጥኖና ርቆ፣ ከጉድጓድ ማዶ እንዳለ ሰው ድምፅ ነው፤ ግን ቃል ከቃል ይለያል። አናባቢዎቹ ሳስተዋል። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ቀ» ግን ጉሮሮ ተዘግቶ እንደ ምት የሚፈነዱ ናቸውና ቺፑ አልደረሰባቸውም፤ ጎማው አደንዝዟቸው እንደ ጣት ቆረቆር በሩ ላይ ይሰማሉ። የድምፅ ነገር ያጠኑ ሰዎች ወፍራም ጫጫታ ከእሱ የቀጠነውን ድምፅ እንደሚሸፍን ይናገራሉ። እንግዲህ ጆሮዬን ደፍኜ ከደፈንኩት ይልቅ የገለጥሁት በዝቷል።

ይህ የርካሹ ማዳመጫ ጥበብ ነው ልበል? አይደለም፤ ድክመቱ ነው። ከውጭ አገር የመጣው የእኅቴ ልጅ ባለ ብዙ ዶላሩን የራሱን አውሶኝ ያንኑ ፈተና ደገምነው፤ ጀነሬተሩም ጠፋ፣ እናቴም ጠፋች። ዳዊቱ ሙሉ በሙሉ ሞተ። እርግጥ ውዱ ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎኑ አስገብቶ የሚያሰማበት ሌላ ስልት አለው፤ እንደ ክፍት መስኮት የጠራ ነው፤ ነገር ግን በመስኮቱ ጀነሬተሩም ይገባል። የእኔም ርካሽ ያንኑ ስልት አለው፤ ከቧንቧ ውስጥ እንደሚመጣ ወሬ ይሆንብኛል፤ ሹክሹክታም ይጨምርበታል። አልጠቀምበትም። ለእኔ ቤት ግን ክፍተቱ የሰፋው ይሻለኛል ብዬ የእኅቴን ልጅ ንብረት መለስሁለት። የእናት ድምፅ የማያጠፋ ማዳመጫ ተብሎ የሚሸጥ ባይኖርም፣ እኔ ግን አንዱን በአምስተኛ ዋጋ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ሙዚቃው ጥቂት ልበል፤ ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚያሳስበው ግን ትረካው ይመስለኛል። የርካሾቹ ሠሪዎች ወፍራሙን ድምፅ አብዝተው ይሰጣሉ፤ ከበሮ ወዳድ ሁሉ ይረካል። እኔ የሞከርሁት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። 1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በብዙዎቻችን ጆሮ ውስጥ በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚኖረው። ማዳመጫው ያንን ድምፅ ጋን ውስጥ ከተተው፤ ደረቱ ብቻ ቀርቶ ከንፈሩ ጠፋ። በስልኬ ላይ ባለው ማስተካከያ ወፍራሙን ዝቅ፣ መካከለኛውን ጥቂት ከፍ ሳደርግ ከንፈሩ ተመለሰ፤ ትንፋሹ ሳይቀር። ይህን ለማስተካከል አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይሞክሩ ማዳመጫውን የሚጥሉት ግን ብዙ ናቸው።

ሌላም ጥቅም አገኘሁበት። በባዶ ጆሮ ማዳመጫ ከጀነሬተር ጋር ስፎካከር የድምፁን መጠን ወደ ጫፍ እገፋው ነበር፤ አሁን ከግማሽ በታች ይበቃኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ከማዳመጥ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 90 ከሆነ ግን አራት ሰዓት ብቻ ነው። ጫጫታን በጫጫታ የሚሸንፍ ሰው ያንን አራት ሰዓት በሁለት ሌሊት ይጨርሰዋል። ነፋስ ባለበት ግን አታድርጉት፤ ማይክሮፎኗ ነፋሱን ጠላት አድርጋ ስትዋጋ ጆሮ ውስጥ ማዕበል ይነሣል። በዐቢይ ጾም ጎረቤታችን በገና ሲደረድሩ ደግሞ አወልቀዋለሁ፤ ማጥፊያው የጅማቱን ወፍራም ድምፅ ውጦ የእንዝራውን ንዝረት ብቻ ስለሚያስቀርልኝ።

እናቴ ይህ ሁሉ ፍተሻ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ አንድ ሌሊት በጆሮዎቿ አደረግሁላት። ማጥፊያውን ሳበራ ቀና ብላ ወደ ጣራው አምፖል አየች።

«መብራት መጣ እንዴ?»

አልመጣም አልኋት። አንዱን ከጆሮዋ ሳወጣ ጀነሬተሩ ተመልሶ ገባ፤ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች። ሌላውንም ራሷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ውሰደው፤ እኔ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ መስማት አለብኝ» አለች።

አሁን አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል። በመጀመሪያ ማጥፊያው በርቶ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ግራው ከአራት ሰዓት በኋላ ይደክማል፤ ባትሪው የሚለወጥ አይደለም። ግራው ሲጠፋ ቀኙን ብቻ አድርጌ እቀጥላለሁ፤ የእናቴ ክፍል በግራ በኩል ነው።