ኳሷን ተዋት

ምግብ ቤቴን ከከፈትኩ ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ልጄ ለምኖኝ ኮሎራዶ ውስጥ ኤስተስ ፓርክ ሄደን ድንኳን ተከልን። ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ስለሆነ የጠዋቱ ብርድ አዲስ አበባን ያስታውሳል።

በማግስቱ ጎልፍ ሊያስተምረኝ ወሰደኝ። የመታኋት ኳስ ሄዳ ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች መሃል አረፈች። ላመጣት ስነሳ ክንዴን ያዘኝ።

«አባዬ ተዋት! ወንዱ በዚህ ወር ሴቶቹን ስለሚጠብቅ ይዋጋል። ቢያንስ 75 ጫማ መራቅ አለብን።»

ቀንዳሙ ቀና ብሎ አየኝ። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ዕድሜ ልኩን «ተው፣ ትወድቃለህ» የምለው እኔ ነበርኩ። እናንተም ወላጆች፣ አንድ ቀን በራችሁን ዘግታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ። ለካ እኛ ሥራ ላይ ሳለን አድገዋል!