የራስን ቃል በጊዜው ስለ መናገር

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ፥ ከወዳጁ ጋር በተገናኘ ጊዜ የሚያነሣው ነገር አንድ ሆኗል። ይኸውም፦ «ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው፤ በአሜሪካ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። እኔም ብዙ ዘመን በማስተማር ሥራ ላይ ስለ ኖርሁ፥ የጎረቤትና የወዳጅ ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መምጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ከእነርሱ ጋር ተቀምጬ ያየሁት ለወላጆችና ለመምህራን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ እጽፋለሁ። የነገሬም ፍሬ ይህ ነው፤ ድርሰቱና ቀነ ገደቡ ሁለት ጉዳይ መስለው ይታያሉ እንጂ በእውነቱ አንድ ናቸው። ጊዜ ያለው ሰው የራሱን ቃል ይናገራል፤ ጊዜ ያጣ ሰው ግን የሌላውን ቃል ይበደራል።

በቀድሞው ዘመን ወደ ውጭ አገር ሄዶ መማር በመንግሥትና በታላላቅ ሰዎች ፈቃድ የሚሆን ነገር ነበረ፤ ተማሪው ይመረጣል እንጂ አያመለክትም። ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ በማስኪንገም ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ሐኪም ሆነው የተመረቁት፥ መንግሥታቸው መርጦ ስለ ላካቸው ነው። ዛሬ ግን የአሜሪካ ኮሌጅ በር ለማንም አመልካች ክፍት ነው፤ የሚያንኳኳውም እጅ ወረቀት ነው። መርማሪዎቹ ልጁንም አባቱንም አያውቁም፤ በፊታቸው ያለው የትምህርት ውጤቱ፥ የመምህራኑ ምስክርነትና እርሱ ራሱ የጻፈው ቃል ብቻ ነው።

የገንዘቡንም ነገር ሳይረዱ መጀመር አይገባም። ከኮሌጆቹ ጥቂቶቹ፥ እንደ ሃርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተን፥ ኤም.አይ.ቲ.ና አምኸርስት ያሉት፥ የውጭ አገር ተማሪ እንኳ ቢሆን የመክፈል ዐቅሙን ሳይመለከቱ ይመርጡታል፤ ከተቀበሉትም በኋላ ቤተ ሰቡ ሊከፍል የማይችለውን ይሞሉለታል። የሚበዙት ግን ለውጭ አገር ተማሪ የመደቡት ገንዘብ ጥቂት ስለ ሆነ፥ እርዳታ ለሚጠይቅ ልጅ በሩ እጅግ ይጠብበታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አስቀድሞ መጠየቅና መመርመር ያስፈልጋል።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚቀርበው «ኮመን አፕሊኬሽን» በሚሉት መንገድ ነው። ይህ ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በ15 ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,000 በላይ የሆኑት ይቀበሉታል። ተማሪው አንድ ጊዜ የሞላውን ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች ይልካል። በውስጡም ከ250 ያላነሰ ከ650 ያልበለጠ ቃል ያለው የግል ድርሰት ይጠየቃል። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ ኮሌጆች የየራሳቸውን ትንንሽ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪና አንድ ወይም ሁለት መምህራን ደብዳቤ እንዲጽፉ ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ ለሚለምነውም የቤተ ሰቡን ገቢ የሚያስረዳ ሌላ ቅጽ ያስሞሉታል። ስድስት መቶ አምሳ ቃል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ በስድስት መቶ አምሳ ቃል መናገር፥ በስድስት ሺህ ቃል ከመናገር ይልቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። የዓመቱ ቅጽ የሚከፈተው ኦገስት 1 ቀን፥ ማለት በእኛ ሐምሌ 25 ቀን ነው። የመጀመሪያው ዙር፥ ቀድመው ለሚያመለክቱ የተወሰነው፥ በብዙ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 ቀን ይዘጋል፤ ይህም ጥቅምት 22 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ጥቅምት 21 ይሆናል። መልሱም በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። ሁለተኛው፥ መደበኛ የሚባለው ዙር፥ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፥ በፈረንጆች አዲስ ዓመት መባቻ ይዘጋል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችን ደግሞ ከዚህም የሚቀድም አለ፤ የጌትስ ስኮላርሺፕ የሚባለው እንደ ልማዱ ሴፕቴምበር 15 ቀን፥ ማለት እኛ ዘመን በለወጥን በአምስተኛው ቀን ይዘጋል።

በዚህ ላይ የእኛን ልጆች የሚያሰናክሉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው የአጻጻፍ ልማድ ነው። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉና 11/1 ብለው ሲጽፉ ኖቬምበር 1 ማለታቸው ነው፤ ልጃችን ግን እንደ ለመደው ቀኑን አስቀድሞ ቢያነበው ጃንዋሪ 11 ይመስለዋል፤ ከሁለት ወር በላይ ተኝቶ ይቀራል። ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። 11:59 ብለው የሚወስኑት በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከአምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ ኮሌጆች አመልካቹ በሚኖርበት አገር ሰዓት ይቈጥራሉ፤ ከስኮላርሺፕ ሰጪዎች ግን በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት የሚቈጥሩ አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ መብራት የሚጠፋበት፥ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት አገር ሰው የመጨረሻዋን ሌሊት መጠበቅ አይገባውም። ከቀነ ገደቡ ሰባት ቀን ቀድሞ የላከ ሰው በሰላም ይተኛል።

ቀድሞ ከማመልከትም አንዱ ዓይነት ቃል ኪዳን እንዳለበት ወላጆች ይወቁ። አንዳንዶቹ ኮሌጆች «ቀድማችሁ አመልክቱ፤ ብንቀበላችሁም ሌላ ቦታ የመሄድ ነጻነታችሁ እንደ ተጠበቀ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ግን «ከተቀበልንህ ወደ እኛ ለመምጣት፥ የሌሎቹንም ማመልከቻ ለመተው ቃል ግባ» ብለው ተማሪውን፥ ወላጁንና የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያስፈርማሉ። የሚሰጡት ገንዘብ ለቤተ ሰቡ የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ ከቃሉ ሊፈቱት ይችላሉ። ነገር ግን ይህን ሳያነብቡ መፈረም ተገቢ አይደለም። ፊርማ ቃል ነው፤ ቃልም ዕዳ ነው። አንድ አባት ወረቀቱን ሳያገላብጡ ሊፈርሙ ሲሉ ባየሁ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ልጅዎን የሚድሩበት ውል ቢሆን እንዲህ ይፈርሙ ነበርን?» አልኋቸው። ሥቀው መነጽራቸውን አስመጡና አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን አነበብነው።

ስለ ድርሰቱ ደግሞ እናገራለሁ። የእኛ ልጅ ድርሰቱን ሲጀምር የሚያጋጥመው መሰናክል የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደጉም ነው። ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ትዕቢተኛ ነው ተብሎ ስላደገ፥ ስለ ራሱ ጻፍ ሲሉት ወይ ያፍራል፥ ወይ ደግሞ ከማፈሩ የተነሣ የትልልቅ ቃላት ካባ ይደርባል። አንድ ወጣት ያመጣልኝ የመጀመሪያው ጽሕፈት «ዓለምን የሚለውጥ መሪ ለመሆን እሻለሁ» ብሎ የሚጀምር ነበረ። እኔም ወረቀቱን አስቀምጬ፥ «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ካመነታ በኋላ፥ እናቱ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች እንደሚያቀርቡ፥ እርሱም ሒሳቡን በደብተር እንደሚይዝ ነገረኝ። የጤፍ ዋጋ በጨመረ ጊዜ እናቱ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ትርፋቸውን ሲተዉ አይቶ፥ በስንት እንጀራ ስንት ብር እንደሚከስሩ ቈጥሮ በቁጥር አሳይቷቸዋል፤ እናቱ ግን፥ «ደንበኛን በአንድ ቀን አያስደነግጡም» ብለው ዋጋውን በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ጨመሩ። ልጁም፥ «ሒሳቡን እኔ ዐወቅሁ፤ ሰውን የምታውቀው ግን እርስዋ ነበረች» አለኝ።

«ይህንን ጻፍ» አልሁት። «የእንጀራ ነገር ለአሜሪካ ኮሌጅ ይጻፋል?» ብሎ ተገረመ። ሦስት ጊዜ ጻፈው። በመጀመሪያው ጊዜ እናቱን አመሰገነ እንጂ ራሱ አልታየም፤ በሁለተኛው ራሱ ታየ፥ ነገር ግን መጨረሻው ስብከት ሆነ፤ በሦስተኛው ስብከቱ ወደቀና ደብተሩ፥ ምጣዱና ክርክሩ ብቻ ቀሩ። ይህ ሁሉ ከነሐሴ መባቻ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ ፈጀ። ስድስት ኮሌጆች አልተቀበሉትም፤ አንዱ ከሙሉ ወጪው ጋር ተቀበለው።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤትን ነገር የሚያውቁ አንባቢዎች ነገሬን ፈጥነው እንደሚረዱት አስባለሁ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጐደለውን ያቃናል፥ የተበላሸውን ያፈርሳል፤ ነገር ግን ለተማሪው ቈጥሮ አይሰጠውም። የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ መንገር ነውር ነው። የኮሌጅ ድርሰት የሚያርም ሰውም ሥራው እንዲሁ ነው፤ ይጠይቃል፥ ያደምጣል፥ ስሕተቱን ያመለክታል፤ ብዕሩን ግን ከልጁ እጅ አይወስድም።

የሚያሳዝነው፥ ብዕሩን እንድንወስድ የሚለምኑን ወላጆች መኖራቸው ነው። አንድ ወዳጄ ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው መጥተው፥ «መምህር፥ እርስዎ ይጻፉለት፤ ዋጋውን እከፍላለሁ» አሉኝ። እኔም፥ «ኮሌጁ ሲቀበለው በክፍሉ የምቀመጠው እኔ ነኝን?» ብዬ መለስሁላቸው። ተቀየሙኝ፤ ቅያሜአቸውም እስከ ጥምቀት ሰነበተ። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ ያለ ልመናና ያለ ዋጋ በአንድ ደቂቃ ድርሰት ይጽፋል። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ስሕተትም አይታይበትም፤ ነገር ግን ምጣዱንና ደብተሩን አያውቅም። አመልካቹም ሥራው የራሱ ስለ መሆኑ ፈርሞ የሚልክ ስለ ሆነ፥ የሌላውን ጽሕፈት የራሱ አድርጎ ማቅረብ በኮመን አፕሊኬሽን ሕግ እንደ ማጭበርበር ይቈጠራል። አበው «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

እኔ ግን የተበደረውን ልጅ ብቻ መውቀስ አልወድም። ይህን ነገር ከሥሩ ብንመረምረው ክፋት ሳይሆን ጊዜ ማጣት ነው። በሐምሌ የጀመረ ልጅ መጥፎ ድርሰት ለመጻፍ ጊዜ አለው፤ መጥፎውን ጥሎ ሌላ ለመጻፍም ጊዜ አለው። በጥቅምት 19 ቀን የጀመረ ልጅ ግን ለመጥፎው እንኳ ጊዜ ስለሌለው ወደ ተዘጋጀው ይሮጣል። የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም ጊዜ የለም። ለአንዱ ኮሌጅ የጻፉትን ለሌላው ሲልኩ የመጀመሪያውን ኮሌጅ ስም ሳይፍቁ የሚልኩም ብዙዎች ናቸው፤ ይህም የችኰላ ፍሬ ነው።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ የምመክረው ሥርዓት ይህ ነው። መምህራንን ደብዳቤ መለመን በሰኔ፥ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ይሁን፤ በክረምት መምህራን ወደየአገራቸው ይበተናሉና። አንዲት ትጉህ ልጅ መምህሯን ቀነ ገደቡ አምስት ቀን ሲቀረው ብትጠይቃቸው፥ እርሳቸው ለቀብር ወደ ሩቅ አገር ሄደው ስለ ነበረ ደብዳቤው ሳይደርስላት ቀርቷል። በሐምሌ ኮሌጆቹን መርጦ የእያንዳንዱን ቀነ ገደብ በእኛም በእነርሱም አቈጣጠር በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። በነሐሴ የመጀመሪያውን ድርሰት ጽፎ ሰባት ቀን ሳያዩት ማስቀመጥ፥ ከዚያም እንደ ባዕድ ሰው ጽሕፈት አድርጎ ማንበብ ነው። በጳጉሜን የገቢውን ማስረጃ ማሰባሰብ፥ በመስከረም ድርሰቱን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ ማስነበብ ነው፤ ለአሥር ሰው ያስነበበ ልጅ የአሥር ሰው ቃል ይዞ ይቀራልና። በጥቅምት አጋማሽ መላክ ነው።

ይህን ሁሉ ፈጽሞ ያልተመረጠ ልጅ ይኖራል፤ እንዲያውም ያልተመረጡት ከተመረጡት ይበዛሉ። ለእነርሱ ወላጅ የሚናገረው ቃል ከማመልከቻው ይልቅ ክብደት አለው። መርማሪዎቹ የመለሱት ወረቀቱን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት የኖረበትን ሕይወት አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ የመረመረና በራሱ ቃል የጻፈ ወጣት፥ በአገሩ ዩኒቨርሲቲም ቢገባ፥ ወደ ሥራም ቢሰማራ፥ ማን እንደ ሆነ ለሚጠይቀው ሰው የሚመልሰው አለው። ወላጆችም ዛሬ ማታ ልጃቸውን «ደብዳቤህ አለቀ?» ከማለት አስቀድመው «ስለ ምን ልትጽፍ አስበሃል?» ብለው ቢጠይቁት፥ ከዚያም ዝም ብለው ቢያደምጡት መልካም ነው።