የእናቴን ሎሚ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ

በፍቅር ስለመቃጠል ብዙ አንብባችኋል፤ እኔ ግን በፍቅር ያቃጠልኩት ሎሚ ነው! ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ጓሮ፣ አባቴ በሞተበት ዓመት የተከላትን ችግኝ። ቶሎ ታፍራ ብዬ አንድ እፍኝ ዩሪያ ግንዷ ሥር ዘረገፍኩላት። በሳምንቱ ቅጠሏ ጫፍ ጫፉ አርሮ ረገፈ። ለካስ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሲበዛ ውሃዋን ከሥሯ ይመጥባታል። እማዬ አልተቆጣችኝም፤ ዝም አለች። ዝምታዋ ባሰብኝ።

ለጓሮ የበሰበሰ ፍግ ይበቃል፤ ትኩሱ ግን እሱም ያቃጥላል። ዩሪያ የግድ ካላችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ፣ ከግንዱ ስንዝር አርቃችሁ፣ አፈር አልብሳችሁ ውሃ አጠጡ። ትርፉን ዝናብ ጠርጎ ሐይቃችን ይከተዋል፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባው እዚያው አልጌ ይቀልባል።

ሰሞኑን ከግንዷ ግርጌ አንዲት ቀንበጥ ብቅ ብላለች። እማዬ በየማለዳው ታያታለች፤ እኔን ግን ገና አታስጠጋኝም።